ታዛዥ፣ ትሑት፣ ሰዓት አክባሪ

ቅናቴ የጀመረው ከመጸዳጃ ቤት ነው። የሚስቅ ይሳቅ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ወለተማርያም እባላለሁ፤ ዕድሜዬ አርባ ሦስት። ቦሌ ውስጥ የሆስፒታልና የክሊኒክ ማሽን በሚጠግን የግል ድርጅት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ስቀጠር በወርክሾፑ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቱታዬን የምቀይረው ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ነበር። ለመጸዳጃ ደግሞ መንገድ ተሻግሬ ካፌ እገባለሁ፤ ዝም ብሎ ገብቶ መውጣት ያሳፍራልና ሁልጊዜ ማኪያቶ አዝዛለሁ። ዛሬ የሚያሰቃየኝ ጨጓራ የዚያ ማኪያቶ ውጤት ነው። የሴቶች መጸዳጃ ይሠራ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ማመልከቻ ጻፍኩ። «በጀት ሲገኝ» ይሉኛል።

ማራናታ ኤርሳዶ በተቀጠረች በሦስተኛ ወሯ ተሠራ። ነጭ ሴራሚክ፣ ሙቅ ውኃ፣ እስከ ወገብ የሚያሳይ መስታወት። በሩ ላይም «ሴቶችን በቴክኖሎጂ ዘርፍ እናበረታታ» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። የመጀመሪያ ቀን ገብቼ እጄን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ ያየሁት ፊት የኔ አልመስልሽ አለኝ። እንዲያ የከፋ ፊት እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ከሆሳዕና የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ የሚኖሩት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ስትሠራ በለሆሳስ መዝሙር የምታንጎራጉር ልጅ ናት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ እሸቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያስጠሯት እሷን ነው። መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ አስይዘው ፎቶ ያስነሷታል። በድርጅቱ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣው ፎቶ ውስጥ እኔም አለሁ፤ ክርኔ ይታያል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ «እርስዎ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ጨዋነቷ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን በጠራችኝ ቁጥር አሥር ዓመት የምትጨምርብኝ ይመስለኛል።

ሰነፍ ብትሆን ኖሮ እንኳ እወዳት ነበር። ሰነፍ አይደለችም፤ ችግሩ እሱ ነው።

እዚያው ቦሌ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ አንድ ክሊኒክ አለ። የአልትራሳውንድ ማሽናቸው ምስሉ ላይ ነጫጭ ሰረዝ እየመጣ አስቸገራቸው። ሦስት ጊዜ ወርክሾፕ አስመጣሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነው። ስመልሰው እንደገና ይታመማል። ማሽኑ እኔን ለማዋረድ የማለ መሰለኝ። በመጨረሻ ለአቶ እሸቴ «ዋናው ካርድ ተበላሽቷል፤ ከውጭ ይታዘዝ» አልኳቸው።

«ኢንጂነር፣ ካልከፋዎት እዚያው ሄጄ ልየው?» አለችኝ ማራናታ።

«ሂጂ» አልኳት፤ ሄዳ ምን ታመጣለች ብዬ።

ግማሽ ቀን እዚያ ተቀመጠች። ማሽኑን ትታ ግድግዳውን ስታዳምጥ ዋለች አሉ። ከግድግዳው ጀርባ የሕንፃው ሊፍት ነበር። ሊፍቱ ሲነሳ ሰረዙ ይመጣል፣ ሲቆም ይጠፋል። ሊፍቱና ማሽኑ አንድ የመሬት ሽቦ ይጋሩ ኖሯል። ለማሽኑ የብቻው ሽቦ አስዘረጋችና ነገሩ አለቀ። እኔ ሦስት ጊዜ በመኪና ያመላለስኩት ማሽን አንድ ብሎን ሳይፈታ ዳነ።

አቶ እሸቴ ኬክ አስመጡ። «ማራናታ እንኳን ደስ አለሽ» ተብሎ በክሬም ተጽፎበታል። ኬኩን ቆርጬ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ፤ በግድ ስስቅ ከመዋሌ የተነሣ እስከ ማታ ድረስ መንጋጋዬን አመመኝ። ቤቴ ገብቼ ስለ ልጅቷ አንድ ክፉ ነገር ላስብ ብፈልግ አጣሁ።

እኔም በሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ እኮ! ያኔ አለቃዬ አቶ ወልደጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው ባለሙያ ነበሩ። አንድ ቀን የሕፃናት ማሞቂያ ማሽን መጣና ሁለት ቀን ፈታትተው «ይኼ ሞቷል፣ ቅበሩት» ብለው ጥግ አስቀመጡት። እኔ በምሳ ሰዓት ከአሮጌ ቴሌቪዥን በነቀልኩት ዕቃ አስነሣሁት። አቶ ወልደጊዮርጊስ ሳቁ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ፤ ለስላሳ ጋበዙኝ። ኬክ የለ፣ ፎቶ የለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጀርመን አገር ለሥልጠና ሰው ሲፈለግ የድጋፍ ደብዳቤዬን የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። አላለፍኩም። ሚስባህ የሚባል ባልደረባዬ ሄደ፤ ዛሬ የራሱ ድርጅት አለው። አልበቃሁም ማለት ነው ብዬ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፍርዴን ተቀብዬ ኖርኩ።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው የኮሪያው ሥልጠና ማስታወቂያ የመጣው። ለሴት ባለሙያዎች ብቻ፣ አንድ ዓመት፣ ወጪው ሁሉ የተሸፈነ፤ ከየድርጅቱ አንዲት ሴት፤ ዕድሜ ከሠላሳ በታች። ሠላሳ! እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ሳለ እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከማንኛውም ሰነድ በላይ ክብደት የሚሰጠው የቅርብ አለቃ ለሚጽፈው ደብዳቤ ነው ይላል። የማራናታ የቅርብ አለቃ እኔ ነኝ። ሰነዱ ሰኞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መላክ አለበት።

ሦስት ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። «ወይዘሪት ማራናታ ኤርሳዶ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ስለ ሊፍቱ ልጽፍ ስል ጣቴ እንቢ ይለኛል። ብጽፈው ትሄዳለች። ሄዳ ትመለሳለች፤ ስትመለስ እኔ እሷን «እርስዎ» ልላት ነው።

በአራተኛው ቀን መሳቢያዬን ከፍቼ ያኔ የደረሰኝን የአቶ ወልደጊዮርጊስን ደብዳቤ ግልባጭ አወጣሁ። በፕላስቲክ አድርጌ ነው የማስቀምጠው፤ ከዚያ ሰው ያገኘሁት የጽሑፍ ምስጋና እሱ ብቻ ነው። «ሠራተኛዋ ታዛዥ፣ ትሑት፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከባልደረቦቿ ጋር ተግባቢ፣ የሥራ ቦታዋን በንጽሕና የምትይዝና በሥነ ምግባሯ የተመሰገነች ናት» ይላል። እንዴት ያለ ያማረ ደብዳቤ! ስሙን ብቻ ቀይሬ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ውሸት የለበትም። እኔ ያገኘሁትን እሷም አገኘች፤ ፍትሕ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ለራሴ ያልኩት ይህን ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሊፍቱን አልጻፍኩም።

ጸሐፊያችን ሀይሚ ደብዳቤውን አትማ፣ እኔ ፈርሜ፣ ማኅተም ተመትቶበት ፖስታ ውስጥ ታሸገ። ሰኞ ከሌላው ሰነድ ጋር እስኪላክ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ምስጢር መሆን ያለበት ደብዳቤ ነበር። ግን የመሥሪያ ቤት ነገር ይታወቃል፤ ያለ ግልባጭ ደብዳቤ አይወጣም። ሀይሚ እንደ ልማዷ ከሥሩ «ግልባጭ፦ ለወይዘሪት ማራናታ ኤርሳዶ፣ ለግል ማኅደር» ብላ ጽፋ ኖሮ አንዱን ወስዳ ለልጅቷ ሰጠቻት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማራናታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣች። በእጇ የያዘችው ወረቀት ደብዳቤዬ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም» አለችኝ። «አባቴ አንብቦት አለቀሰ። እሑድ ከሰዓት ቤታችን የምስጋና ጸሎት አለ፤ ያለ እርስዎ አይሆንም ብሏል።»

እሑድ አይመቸኝም አልኳት። ማታውኑ አባትየው ራሳቸው ደወሉ። አቶ ኤርሳዶ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ «ልጄን ልጅ ላደረጉልኝ ሰው ቤቴን ባላሳይ ነውር ነው» አሉኝ። «እመጣለሁ» አልኳቸው።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ከሰዓት በጎሮ በኩል ሁለት ታክሲ ቀይሬ አራብሳ ደረስኩ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሊፍት የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሷቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተሞልቷል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች አቅፈው ተቀበሉኝ። ከፊት አስቀመጡኝ። ማተቤን ሻርፔ ውስጥ ልክተተው ብዬ አሰብኩና ተውኩት፤ ማንም ልብ አላለው።

ከተዘመረ በኋላ አቶ ኤርሳዶ መነጽራቸውን አድርገው ቆሙ። ደብዳቤዬን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ክፍል ሙሉ ተማሪ እንደሚያስተምሩ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ታዛዥ ናት!»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

«ትሑት ናት!»

«አሜን!»

«ሰዓት አክባሪ ናት!»

«ሃሌ ሉያ!»

«የሥራ ቦታዋን በንጽሕና ትይዛለች!»

«ጌታ ይባረክ!»

አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ እኔ ለጻፍኩት ነገር ተጨብጭቦ አያውቅም፤ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም። ማራናታ ጥግ ቆማ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍናለች።

ጸሎቱ ሲያበቃ ዳቦና ለስላሳ ቀረበ። እናትየዋ ወይዘሮ ሉላ እንግዳ ሲያስተናግዱ ቆይተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ጣታቸው ላይ በውኃ የማይለቅ ቅላት አለ።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ ዝግ ብለው። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ይታገሡኝ።»

«ኧረ ይጠይቁኝ፣ እናቴ።»

«ደብዳቤው ደስ ይላል። ግን ይኼ ሁሉ የኔ ሥራ ነው። ታዛዥ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጠዋት በሰዓቷ የምቀሰቅሳትም እኔ ነኝ። እናንተ ጋ የምትሠራው ሥራ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

ዳቦዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ» አሉ፤ እንደ መሳቅ ብለው። «ደንበኛ መጥቶ በርበሬሽ ያቃጥላል ወይ ሲለኝ፣ ጆንያው ንጹሕ ነው ብዬ ብመልስለት፣ ጎረቤቴ ጋ ሄዶ ነው የሚገዛው። ኮሪያዎቹስ እንደዚያ አይሉም?»

«አይ፣ እነሱ…» ብዬ ጀምሬ ለስላሳዬን ጠጣሁ።

ጆንያው ንጹሕ ነው! አሥራ ሰባት ዓመት በፕላስቲክ ጠቅልዬ የያዝኩት ወረቀት ያ ነው። የወልደጊዮርጊስን ደብዳቤ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ከላይ እስከ ታች በሐሳቤ አነበብኩት። ማሞቂያው ማሽን የለበትም። እሱ ቅበሩት ያለውን እኔ ማስነሣቴ የለበትም። መሣሪያ ጠጋኝ መሆኔ እንኳ የለበትም፤ ደብዳቤው ለቤት ሠራተኛም ይሆናል። እኔን የጣለኝ አለመብቃቴ አይደለም፤ ያ ደብዳቤ ነው። የጻፈውም ሰው የሚጽፈውን ያውቅ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርግ፣ ለስላሳውን ሲከፍትልኝ፣ ቀንቶብኝ ነበር።

ደሜ ፈላ። ይህን ብደብቅ ግን ውሸታም ነኝ፦ ደስም አለኝ። ያ የተፈራ ሰው፣ ያ ትልቅ ባለሙያ፣ በእኔ በሃያ ስድስት ዓመቷ ልጅ ቀንቶ ነበር! ሟች እናቴ «ምቀኛ አታሳጣኝ» እያለች ስትጸልይ እስቅባት ነበር። ለካ ነበረኝ። ለካ ሰው የሚቀናብኝ ያህል ሰው ነበርኩ።

ደስታዬ ግን አንድ ደቂቃም አልቆየም። ማራናታ ባዶ ጠርሙሴን ልትወስድልኝ ጎንበስ ስትል አየኋት፤ እኔም ማን እንደሆንኩ ገባኝ። የሷ ወልደጊዮርጊስ እኔ ነኝ።

ስወጣ እስከ ታክሲው ልሸኝዎት ብላ ተከተለችኝ። በብሎኮቹ መካከል ሴቶች ልብስ ከገመድ እየሰበሰቡ ነበር። ታክሲው ጋ ልንደርስ ስንል ጠየቅኋት።

«ማራናታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ደብዳቤውን ስታነቢው ምን አልሽ?»

«ደስ አለኝ፣ ኢንጂነር። ለምን?»

«ሌላ ምንም አላልሽም?»

ቆም አለች። «ትንሽ… የሊፍቱን ነገር ረስተውታል መሰለኝ ብዬ ነበር። ወዲያው ግን ራሴን ገሠጽኩት። ትዕቢት እንዳይሆንብኝ ብዬ ጸለይኩ።»

እኔ ደግሞ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ በሩን በጀርባዬ ደግፌ፣ የራሴን ደብዳቤ ሳነብ እንዲሁ ብያለሁ። ማሞቂያውን ረስተውት ይሆናል፤ አንቺ ልጅ ደግሞ አትኩሪ፣ ሰውየው ይኼን ያህል አመስግነውሽ! ቃሉ እንኳ አልተለየም። ታክሲው መጣና ገባሁ።

ሰኞ ሀይሚ ሳትገባ ደረስኩ። እንደመጣች ፖስታውን ተቀብያት፣ እያየችኝ ለሁለት ቀደድኩት።

«ምነው ኢንጂነር! በደህናሽ ነው?» አለችኝ።

«ስሕተት አለበት። እስከ ምሳ ሌላ እሰጥሻለሁ።»

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ስጽፍም እየቀናሁ ነው የጻፍኩት። ግን አንድ ነገር አገኘሁ፤ የሰውን ችሎታ የሚቀናበትን ያህል የሚያውቅ የለም። ቅናት ሁሉንም ነገር መዝግቦ አስቀምጦልኝ ነበር፦ ክሊኒኩ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች፣ ሐኪሟን ምን ብላ እንደጠየቀች፣ ሽቦውን በየት በኩል እንዳስዘረጋች፣ ያ ማሽን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን እንዳልታመመ። ከኬኩ በኋላ የጠገነቻቸውን ሰባት ማሽኖች በየስማቸው አውቃቸው ነበር። የምትወዳት እናቷ እንኳ ለኮሪያዎቹ ይህን ያህል አትነግራቸውም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያስቸገረኝ። «ይህን ብልሽት እኔ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልምድ ያለኝ አለቃዋ፣ ሦስት ጊዜ መርምሬ አላገኘሁትም» የሚለው። አራቴ ጽፌ አራቴ አጠፋሁት። ያለሱ ደብዳቤው ምስጋና ብቻ ነው፤ ሲገባ ግን ማስረጃ ይሆናል። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ዓይኔን ጨፍኜ አስገባሁትና ተውኩት።

ሀይሚ አትማ ስታነበው ቅንድቧ ከፍ እያለ ሄደ። ብዕር ሰጠችኝና ፈረምኩ።

«ግልባጭ እንዳለፈው ለማራናታና ለማኅደር ነው አይደል?» አለች።

«አንድ ጨምሪበት። ለአቶ ወልደጊዮርጊስ።»

«ለየትኛው? ለድሮው አለቃችሁ? ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው! ምን ያደርግላቸዋል?»

«ይመለከተዋል» አልኳት።

መሳቢያዬን ከፍቼ ያንን የቆየ ደብዳቤ ከፕላስቲኩ አወጣሁት። ጥጉ ቢጫ ሆኗል፤ ፊርማው ግን አልደበዘዘም። ለሱ በሚሄደው ግልባጭ ላይ አያይዢው ብዬ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። ሀይሚ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ከግልባጩ ሥር «አባሪ፦ አንድ ገጽ» ብላ ጻፈች።